ሜትሩ አረንጓዴ፣ ድምፁ የተቀደደ፦ ከሚክሰር ላይ ስትቀዱ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ ሪከርደር እንዴት እንደሚበራ አያስተምርም። ባትሪው ሙሉ እንደሆነ፣ ሚሞሪ ካርዱ እንደገባ፣ ኬብሉም ሚክሰሩ መግቢያ ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ እንደተሰካ አይታችኋል ብዬ ልጀምር። የማወራው በሆቴል ባንድ፣ በአዝማሪ ቤት፣ በሠርግ ወይም በመዝሙር ፕሮግራም ላይ ከሚክሰር ወደ እጅ ሪከርደር ቀድታችሁ፣ ጠዋት ፋይሉን ስትከፍቱ ስለሚጠብቃችሁ ጉድ ነው።

«ሪከርደሬ ተበላሸ» ተብሎ እኔ ጋ ከሚመጣው አብዛኛው ጤነኛ ነው። ሰው ግን ቶሎ የሚያስበው አዲስ መግዛት ነው። ገንዘባችሁን ያዙ። ጣጣው ያለው ብዙ ጊዜ ከሚክሰሩ ወጥቶ ሪከርደሩ ውስጥ እስኪገባ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው።

ድምፁ ተቀድዷል፣ ሜትሩ (የድምፅ ልክ ማሳያው) ግን ቀይ አልነካም

ምልክት፦ ድምፃዊው ከፍ ሲል ድምፁ ይሻክራል። የተበሳ ስፒከር የሚያወጣው ዓይነት ነው። የሪከርደሩን ጌይን (የሚገባውን ድምፅ ልክ ማስተካከያ) እስከ መጨረሻው ብታወርዱም አይጠፋም። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ የሞገዱ አናት ጠፍጣፋ ሆኖ ታዩታላችሁ። ልብ በሉ፣ ጠፍጣፋው ያለው ጣሪያው ላይ፣ ዜሮው ጋ አይደለም። ዝቅ ብሎ ማይነስ 10 ወይም ማይነስ 15 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ ልክ መለኪያ) ላይ ነው። ይህን ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ምክንያት፦ የላይን ሲግናል ማይክ መግቢያ ውስጥ ገብቷል። ማይክ የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ፕሮፌሽናል የሆነ ሚክሰር ዋና መውጫ ግን ፕላስ 4 በሚባለው ደረጃ 1.23 ቮልት ያወጣል። ይህ ደግሞ ሜትሩ ዜሮ ላይ ሲሆን ነው። ባንዱ ሲሞቅ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይዘላል።

የሪከርደሩ ማይክ መግቢያ መጀመሪያ ላይ አንድ ትንሽ ማጉያ አለ። የሚቀደደው እሱ ነው። እናንተ የምታዞሩት ጌይን ደግሞ በብዙዎቹ ርካሽ ሪከርደሮች ላይ የሚሠራው ከዚያ ማጉያ በኋላ ነው። ሜትሩም የሚለካው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሲኒ ላይ ጀሪካን ገልብጦ ከሥር ያለውን ሳህን መቀያየር ማለት ነው። ጌይን ስትቀንሱ የምታገኙት ዝቅ ያለ ቅዳጅ ብቻ ነው።

አንድ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ የሁለት ሰዓት የባንድ ጨዋታ በፍላሽ ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን ደቂቃ ሳልጨርስ ገባኝ።

«ወንድሜ፣ ከየት ነው የወሰድከው?»

«ከሜይን አውት።»

«ሪከርደሩስ ላይ የት ገባ?»

«ማይክ የሚል ቀዳዳ ውስጥ። ሌላ ቀዳዳ የለውማ!»

«ጌይኑስ?»

«ኧረ ቁጥር 1 ላይ ነው ያደረግኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሜትሩ ላይ አፍጥጬ ነው ያደርኩት፣ ቀይ አልነካም።»

እውነቱን ነው፣ አልነካም። ሙሽሮቹ ግን ሠርጋቸውን አይደግሙለትም። ከዚህ በፊት በዚሁ ችግር ኬብል ቀይሯል፣ ሚሞሪ ቀይሯል። በመጨረሻ ሪከርደሩን ሊሸጠው ነበር።

አዝማሪ ቤት ሲሆን ደግሞ የባሰ ያናድዳል። አንድ ወዳጄ ከቤቱ ትንሽ ሚክሰር በአዳፕተር አድርጎ ስልኩ የማይክ መግቢያ ላይ ሰክቶ ሌሊቱን ቀዳ። ማሲንቆው ብቻውን ሲመታ ምንም አይልም። አዝማሪው እንግዳውን እየጠራ ሲገጥም፣ ሳቁና ጭብጨባው ሲነሳ፣ ቤቱ ሲሞቅ፣ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ቅድድ። የሚፈለገው ደግሞ እሱ ነበር። እዚያው የተፈጠረን ግጥም ነገ ና ድገምልኝ አይባልም።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ሪከርደራችሁን አገላብጣችሁ እዩት። ታስካም ዲአር-40 ላይን፣ ማይክ፣ ማይክ ከፋንተም (ለኮንዴንሰር ማይክ ከሚላክ ኃይል) ጋር የሚል ማብሪያ አለው። ብዙ ሰው ገዝቶት ነክቶት አያውቅም። ላይን ላይ አድርጉት፣ አለቀ። ዙም ኤች5 እና ኤች6 በየኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን) መግቢያው 20 ዲቢ የሚቀንስ ፓድ አላቸው። አብሩት። የድሮው ዙም ኤች4ኤን ኤክስኤልአር መግቢያ ግን የተሠራው ለማይክ ነው። ከሚክሰር ዋና መውጫ ቀጥታ አትስጡት። በየቤቱ የሞላው ደግሞ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሚክሰሩ ሌላ መውጫ ፈልጉ። ብዙ አናሎግ ሚክሰር ሬክ አውት የሚባል ነጭና ቀይ አርሲኤ አለው። የእሱ ደረጃ ብዙ ጊዜ 0.316 ቮልት ነው፤ ከዋናው መውጫ ወደ 12 ዲቢ ዝቅ ይላል። ላይን መግቢያ ላላቸው ትንንሽ ሪከርደሮች የተስማማ ነው። አንዳንዱ ሚክሰር ላይ ሬክ አውት ከማስተር ፌደሩ (የዋናው ድምፅ ማንሸራተቻ) በፊት፣ አንዳንዱ ላይ በኋላ ነው የሚወጣው። ማኑዋል አትፈልጉ። ማስተሩን ዝቅ አድርጉና ሪከርደሩን እዩ። አብሮ ከወረደ፣ የሚወጣው ከፌደሩ በኋላ ነው ማለት ነው። ያኔ ሳውንድማኑ ዘፈን በተጠናቀቀ ቁጥር ማስተሩን ሲዘጋ የእናንተም ጭብጨባ ይቆረጣል።

ሦስተኛ፣ ዲጂታል ሚክሰር ከሆነ ለራሳችሁ አንድ መውጫ አስከፍቱና 20 ዲቢ አስቀንሱት። ቤሪንገር ኤክስ32 16 ሚክስ ባስ እና 6 ማትሪክስ፣ ማለትም ለብቻ የሚደባለቁ መስመሮች፣ አለው። «ቦታ የለኝም» የሚል ሳውንድማን ካጋጠማችሁ ቦታ ሳይሆን ፍላጎት ነው የሌለው። ሻይ ጋብዙት።

አራተኛ፣ ማይክ መግቢያ ብቻ ካላችሁና ሌላ መውጫ ከሌለ ፓድ ያስፈልጋችኋል። ዝግጁውን ገዝታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ካውያና ስታኞ ያለው ሰው ግን ራሱ ይሠራዋል። ባላንስ ላልሆነ (አንድ የሲግናል ሽቦና ግራውንድ ብቻ ላለው) ኬብል፣ ሲግናሉ መስመር ላይ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ታስገባላችሁ። ከእሱ በኋላ፣ በሪከርደሩ በኩል፣ በሲግናሉና በግራውንዱ መሃል 100 ኦም። ይህ 40 ዲቢ ያህል ይቀንሳል፤ ማለትም ቮልቴጁን ወደ መቶኛ ያወርደዋል። ለኤክስኤልአር ከሆነ ፒን 2 ላይ 4.7 ኪሎ፣ ፒን 3 ላይ 4.7 ኪሎ፣ ከዚያ በሪከርደሩ በኩል በፒን 2 እና በፒን 3 መሃል 100 ኦም። ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ሥሩት። ሬዚስተሮቹን ወደ ሪከርደሩ በሚገባው ጃክ ቤት ውስጥ ክተቷቸው፤ ሲግናሉ ረጅሙን መንገድ ጎበዝ ሆኖ ይምጣና መጨረሻው ላይ ይቀነስ።

ፓዱን ላይን መግቢያ ላይ አትጠቀሙበት። ያኔ ደግሞ ሹሹታው ይገላችኋል።

ፋንተም አጥፉ። እንደገና፦ ፋንተም አጥፉ። ከሪከርደሩ የሚወጣው 48 ቮልት ወደ ሚክሰሩ መውጫ ተመልሶ ሊያቃጥለው ይችላል፤ ሚክሰሩ ደግሞ የእናንተ አይደለም። ኬብሉን ከመሰካታችሁ በፊት ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ እዩት። ትናንት ኮንዴንሰር ማይክ ተጠቅማችሁ ከነበረ ዛሬም በርቶ ሊሆን ይችላል።

ስለ ልክ አወጣጥ አንድ ነገር ልጨምር። ሳውንድ ቼክ ላይ ማንም ሙሉ ጉልበቱን አያወጣም። ድራመሩ ይነካካል፣ ድምፃዊዋ «ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ትላለች፣ እናንተም ማይነስ 6 ላይ አስተካክላችሁ ትቀመጣላችሁ። ማታ ጭፈራው ሲደምቅ ሳውንድማኑ ሁሉንም ወደ ላይ ይገፋል። የሠርግ ኤምሲ ማይኩን አፉ ውስጥ ከቶ ይጮሃል። ሙሽራዋ ስትገባ አንዷ እናት ማይክ አጠገብ እልልታውን ትለቀዋለች። ስለዚህ ሳውንድ ቼክ ላይ ከማይነስ 18 አትለፉ። በ24 ቢት ስትቀዱ ዝቅ ያለው በኋላ ከፍ ቢደረግ ምንም አይሆንም። የተቀደደው ግን አይሰፋም። ክሊፕ (የተቀደደ ድምፅ) የሚጠግኑ ሶፍትዌሮች ትንሽ ያለሰልሱታል እንጂ አይመልሱትም።

«32 ቢት ፍሎት ሪከርደር ስላለኝ አያሳስበኝም» ለሚል፦ መግቢያው የማይችለውን ሲግናል ከሰጣችሁት ፍሎትም ቅዳጁን በጥራት ይቀዳላችኋል። ሚክሰሩ ራሱ ቀይ እያበራ ከሆነም እንደዚያው።

ኢርፎን ላይ አለ፣ ስልክ ላይ ጭጭ

ይህንን ሰው ቫይረስ ነው ይላል። ቫይረስ አይደለም።

የአንድ መዝሙር ቡድን ኃላፊ ፕሮግራሙን ቀድታ በኢርፎን ሰማችው። ትንሽ ግራ የሚያጋባ፣ ከጭንቅላት ጀርባ የሚመጣ ዓይነት ድምፅ ነው፣ ግን አለ። ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። መልሱ ከየአቅጣጫው መጣ፦ «እህታችን፣ ባዶ ነው የላክሽልን።»

ምክንያቱ ኬብሉ ነው። የሚክሰሩ ባላንስ መውጫ አንድን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይልካል፤ አንዱን ቀጥ አድርጎ፣ አንዱን ገልብጦ። ከዚያ መውጫ በኤክስኤልአር ወይም ባለ ሦስት ክፍል በሆነ ትልቅ ጃክ አውጥታችሁ ትንሿ ስቴሪዮ ጃክ ውስጥ ስትሰኩት፣ ቀጥታው ግራ ላይ፣ የተገለበጠው ቀኝ ላይ ይቀመጣል። አንድ ስፒከር ያለው ስልክ ሁለቱን ሲደምራቸው ይጣፋሉ። ኬብሉ ስለገጠመ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም። «ሁሉንም ይሠራል» እያሉ የሚሸጡትን አዳፕተር ከሻጩ ጋር ተከራከሩበት።

ደስ የሚለው፣ ይህኛው ሙሉ በሙሉ ይድናል። ኦዳሲቲ ላይ ስቴሪዮውን ለሁለት ክፈሉት፣ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ኢንቨርት በሉት፣ ከዚያ ወደ ሞኖ ደባልቁት። ለሚቀጥለው ግን ከሚክሰሩ ግራና ቀኝ መውጫ በሁለት ተራ ጃክ ተነስቶ ወደ አንድ ስቴሪዮ ትንሽ ጃክ የሚገባ ኬብል አሠሩ።

ሁሉም መሣሪያ እያለ ድምፃዊው ብቻ ስልክ ላይ ከሳሳ ወይም ከጠፋ፣ ከሁለቱ ኬብሎች አንዱ ፒን 2 እና 3 ተቀያይሮ ተበይዷል።

ድምፃዊው አለ፣ ባንዱ የለም

ቅጂው ንጹህ ነው። ግን ድምፃዊውና ኪቦርዱ ፊት ለፊት ቆመው፣ ድራሙ ጎረቤት ያለ ይመስላል። ሳክስፎኑ ጭራሽ የለም።

ሳውንድማኑን አትቆጡ። ቤቱ ትንሽ ነው። ድራም ያለ ማይክ ይበቃል፣ ጊታሩ የራሱ አምፕ አለው፣ ሳክስፎን በባዶው ጆሮ ይሰብራል። እሱ በሚክሰር የሚያወጣው የጎደለውን ብቻ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው የሚሰማው የመድረኩንና የስፒከሩን ድምር ሲሆን እናንተ የቀዳችሁት የስፒከሩን ብቻ ነው። ትልቅ አዳራሽ ወይም ሜዳ ላይ፣ ሁሉም መሣሪያ ማይክ ሲኖረው፣ ይህ ችግር ራሱ ይጠፋል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኦግዚለሪ (ሌላ ድብልቅ የሚወጣበት ተጨማሪ) መውጫ ነው። ፕሪ ፌደር (የሳውንድማኑ ፌደር የማይነካው) አድርጋችሁ ለሪከርደሩ ብቻ የሚሆን ሌላ ድብልቅ ትሠራላችሁ። ድራሙና ሳክስፎኑ ላይ ለስፒከር የማይሄድ፣ ለእናንተ ብቻ የሚሄድ ማይክ ታስቀምጣላችሁ። ጥሩ ጆሮ ማዳመጫ ይዛችሁ መሥራት አለባችሁ፤ ባንዱ አጠገባችሁ እየጮኸ ድብልቅ መለየት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛውና እኔ የምወደው፣ ሪከርደሩ አራት ትራክ የሚቀዳ ከሆነ ሚክሰሩን በሁለቱ፣ የራሱን ማይክ በሌሎቹ ሁለት መቅዳት ነው። የከበሮው ጉልበት፣ ጭብጨባው፣ እስክስታው ሲመጣ የሚነሳው ጩኸት የሚገባው በዚያ ነው። ሚክሰር ብቻ የቀዳ ሰው ሙዚቃው ደርቆ ያገኘዋል። አንድ ጣጣ ግን አለው፦ ድምፅ በአየር አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከመድረኩ 12 ሜትር ርቃችሁ ከተቀመጣችሁ ማይኩ ከሚክሰሩ 35 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል፣ ስኔሩም (የድራሙ ጯሂ ትንሽ ከበሮ) ሁለት ጊዜ ይመታል። ኮምፒውተር ላይ አንድ ግልጽ የስኔር ምት ፈልጉና የማይኩን ትራክ ወደ ግራ፣ ወደ መጀመሪያው በኩል ጎትታችሁ ከሚክሰሩ ጋር አስተካክሉት።

ድንገት አንድ መሣሪያ ብቻ ይቀራል

ከሚክሰሩ የጆሮ ማዳመጫ መውጫ ቀድታችኋል። ሳውንድማኑ ክራሩ ምን ሆነ ብሎ ሶሎ (አንዱን ለብቻው ማዳመጫ ቁልፍ) ሲጫን ባንዱ በሙሉ ከቅጂው ይወጣል፣ ክራሩ ብቻውን ይቀራል። ሲለቀው ይመለሳል። ከዚያ መውጫ አትቅዱ። ሌላ ከሌለ ሶሎ እንዳይነካ ለምኑት፤ ይነካል ግን።

እምምም የሚል ድምፅ

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እምምታው የእሱና የእጥፎቹ ድምፅ ነው፤ 100፣ 150 እያለ ይወጣል።

መጀመሪያ የሪከርደሩን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ድንጋይ ሞክሩት። ከጠፋ ነገሩ አለቀ፣ በባትሪ ቅዱ። ሪከርደሩ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ ከሆነም የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። በባትሪም ካልጠፋ ኬብሉን በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጉት። የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ ሺልዱ (የውስጡን ሽቦ ከውጭ ጫጫታ የሚከልለው ሽፋን) ተበጥሷል። ገበያውን የሞላውን ቀጭን ኬብል አንድ ቀን በምላጭ ክፈቱት፤ ሺልድ ተብሎ የተጠቀለለው ጥቂት ፀጉር ሽቦ ነው። ያንን የስፒከርና የዲመር መብራት ኬብሎች አጠገብ ዘርግቶ ስለ ጥራት ማውራት አይቻልም።

ኬብሉም ደህና ከሆነ የግራውንድ ዙር ነው፤ መሣሪያዎቹ በሁለት መንገድ ከመሬት ጋር ተያይዘዋል ማለት ነው። በመሃል አይሶሌሽን ትራንስፎርመር አስገቡ። የሶኬቱን ግራውንድ እግር መቁረጥ ግን መፍትሄ አይደለም። ማይክ ይዞ የሚዘፍነው ሰው ነው መሬቱ የሚሆነው። ዲቫይደር ላይ ግራውንዱ የተቆረጠ መሰኪያ ካያችሁ ባንዱ እንዳይጀምር አድርጉ።

ፋይሉ ዜሮ ባይት ነው

መብራት ሄዷል፣ ወደ ጄኔሬተር ሲቀየር ሪከርደሩ ጠፍቷል። ድምፁ ካርዱ ላይ ሊኖር ይችላል፤ የፋይሉ መጨረሻ ስላልተዘጋ ነው የማይከፈተው። በዚያ ካርድ ላይ ሌላ ምንም አትቅዱ፣ ፎርማት አድርግ ቢላችሁም እሺ አትበሉ። በዳታ ማዳኛ ፕሮግራም አውጡት። የወጣው ፋይል መጠን ካለውና ካልተከፈተ ኦዳሲቲ ላይ ሮው ዳታ ብላችሁ አስገቡ፤ ቢት፣ ቻናልና ሳምፕል ሬት የቀዳችሁበትን ሙሉለት።

ለሚቀጥለው፣ በቻርጀር ብትሠሩም ባትሪ ድንጋይ ውስጡ ይኑር። በዘፈን መሃል ባለ ዕረፍት አቁማችሁ እንደገና ጀምሩ፤ ቢጠፋ አንድ ዙር ጨዋታ ብቻ ይጠፋል። በ24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ስቴሪዮ ለአንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይበላል፣ ስለዚህ ባለ 32 ጊጋ ካርድ ከበቂ በላይ ነው። በእጥፍ ርካሽ ዋጋ የተገኘው ባለ 256 ግን ውስጡ 8 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ኤፍ3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም እውነተኛ ልኩን ይነግራችኋል።

ቶሎ ቶሎ

ምንም አልተቀዳም፣ ሜትሩ ግን ሲዘል ነበር፦ ብዙ ሪከርደር ላይ የመጀመሪያው ጫን ዝግጁ ማድረጊያ ብቻ ነው፣ ቀዩ ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለተኛ ተጫኑት። ሰዓቱ መቁጠሩን ሳታዩ ከአጠገቡ አትሂዱ።

በዘፈኖች መሃል የሰው ጫጫታ እያደገ ይመጣና ባንዱ ሲጀምር ይሰጥማል፦ ኦቶ ሌቨል (ልኩን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው) በርቷል። አጥፉት።

ከበሮው ሆዱ የለም፦ ሎው ከት (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠው) በርቷል።

ድርር ድርር የሚል ድምፅ በየመሃሉ፦ ስልክ ነው። ከኬብሉ አርቁት።

አንዱ ወገን ብቻ ይሰማል፦ ሞኖ ጃክ ስቴሪዮ ቀዳዳ ውስጥ ነው ያለው። ያለውን ወገን ኮፒ አድርጋችሁ ተጠቀሙ።

ከቪዲዮው ጋር ሲጀምር ገጥሞ እየቆየ የሚለያይ፦ የካሜራውና የሪከርደሩ ሰዓት እኩል አይሄድም። በየዘፈኑ መጀመሪያ ቆርጣችሁ እንደ አዲስ አስተካክሉት። ከመጀመሪያውም ሪከርደሩን 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ አድርጉት፤ ካሜራው የሚቀዳው በዚያ ነው።